ታማሚ አስታማሚ ሲሆን፦ የአእምሮ ሕሙማን ራስ አገዝ ቡድኖች ታሪክ

1. ሠላሳው ቀን

ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው የክኒን ከረጢትና የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ቀጠሮው ከወር በኋላ ነው። ያን ዕለት ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያየዋል፤ ከቀናው አሥራ አምስት። በመካከሉ ላለው ሠላሳ ቀን ግን ማንም ምንም አልጻፈለትም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ መድኃኒቱ እጁን ሲያንቀጠቅጠው፣ ጎረቤት ሰላምታውን አሳጥሮ ሲያልፍ፣ ዘመድ «አሁንማ ደህና ነህ አይደል?» እያለ በዓይኑ ሲመረምረው ለማን ይናገር? ለቤተሰቡ ቢናገር ያስደነግጣል። ለሐኪሙ ልንገረው ብሎ ቢያቆየው ቀጠሮው እስኪደርስ ይረሳዋል። ንስሐ አባቱን ቢያማክር መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ እርሳቸውም በዚያ መንገድ በእግራቸው አላለፉም።

ራስ አገዝ ቡድን የሚባለው ተቋም የተወለደው ለእነዚህ ሠላሳ ቀናት ነው። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። አንድ ዓይነት ሕመም የደረሰባቸው ጥቂት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ክፍል ይሰበሰባሉ። ሐኪም አይመራቸውም፤ ካርድ አይወጣም፤ ክፍያ የለም። ጨዋታው ግን እንደ ቡና ላይ ወሬ እንደመጣ የሚለቀቅ አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ቡድኑን ተቋም ያሰኘው ይኸው ሥርዓት ነው። የመሥራቾችን ስም ማንሳቴ አይቀርም፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን እነርሱ ካለፉ በኋላ ስብሰባው ሳይበተን መቆየቱ ነው።

ከታሪኩ ጋር አብሮ የሚጓዝ አንድ ክርክርም አለ፦ የመንፈስ ነገር በቡድኑ ውስጥ የት ይቀመጥ? በሩ ላይ፣ መሀል ላይ፣ ወይስ ውጭ? ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ማኅበራት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

2. ከቡድኑ በፊት

ነገሩ የተነሣው ከሃይማኖተኞች ዘንድ ነው። በ1790 ሐና ሚልስ የተባለች የክዌከር እምነት ተከታይ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የዕብዳን መኖሪያ ውስጥ ሞተች። የእምነት ወገኖቿ ሊጠይቋት ሄደው አትገቡም ተብለው ተመልሰው ነበር። በዚህ ያዘኑት ክዌከሮች የሻይ ነጋዴው ዊሊያም ቱክ እያስተባበራቸው በ1796 «ሪትሪት» የሚባለውን የራሳቸውን መኖሪያ ከፈቱ። በዚያ ድብደባ ቀረ፤ ሰንሰለት ቀረ፤ ታማሚው እንደ እንግዳ ሻይ ተጠራ፣ አትክልት ኮተኮተ፣ ጸለየ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቢሆንም ታማሚው ታማሚ፣ ጠባቂው ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ታማሚው ሌላውን ታማሚ ሊረዳ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ታማሚዎች በራሳቸው ስም ሲደራጁ የመጀመሪያው ጉዳያቸው ሕግ ነበር። በ1812 በጥይት የተገደሉት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የስፔንሰር ፐርሲቫል ልጅ ጆን በወጣትነቱ በስኮትላንድ አንድ በመንፈሳዊ ግለት የታወቀ ጉባኤ ውስጥ ከገባ በኋላ ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ድምፁንም የመንፈስ ቅዱስ ነው ብሎ ታዘዘው። ቤተሰቡ የዕብዳን መኖሪያ አስገባው፤ ለሦስት ዓመት ያህል ታስሮ ኖረ። ሲወጣ ስለደረሰበት መጽሐፍ ጻፈ። በ1845 ደግሞ እንደ እርሱ «ዕብድ» ተብለው ለተዘጋባቸው ሰዎች የሚሟገት ማኅበር ከሌሎች ጋር አቋቋመ። ማኅበሩ ለፓርላማ አቤት አለ፣ የታሰሩትን ጎበኘ፣ ክስ ተከታተለ። በየሳምንቱ ክብ ሠርቶ የሚቀመጥ ቡድን ግን አልነበረም። ያ እስኪመጣ ስልሳ ዓመት ፈጀ።

የመጣው ደግሞ ከሳንባ ነቀርሳ ነው! በ1905 በቦስተን ዶ/ር ጆሴፍ ፕራት ድሆች የሳንባ ታማሚዎችን በሳምንት አንዴ አሰባስበው ያስተምሩ ጀመር። ዋናው ዓላማ እረፍትን፣ ንጹሕ አየርንና ምግብን ማስተማር ነበር። ቆየት ሲል ግን ታማሚዎቹን ከትምህርቱ ይልቅ መሰባሰባቸው እንደሚያበረታቸው አስተዋሉ፤ ክብደት የጨመረው ሌላውን ያጀግናል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሰጠው የከተማው አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1906 የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን ኤልዉድ ዉስተር ተመሳሳይ ትምህርት በጭንቀትና በድባቴ ለሚሠቃዩ ሰዎች ከፈቱ። ደንባቸው ጥብቅ ነበር፦ ማንም ሰው መጀመሪያ በሐኪም ሳይመረመር አይገባም። የእኛም ለረጅም ዘመን ብቸኛ ሆኖ የኖረው የአእምሮ ሆስፒታል ስሙ አማኑኤል መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ደስ የሚል አጋጣሚ ግን ነው።

ሌላው መንገድ ከፋች ካህኑ አንተን ቦይሰን ናቸው። በ1920 አእምሯቸው ታውኮ ሆስፒታል ገቡ፤ ከዳኑ በኋላ በ1924 በማሳቹሴትስ የዉስተር ሆስፒታል ካህን ሆነው ተቀጠሩ። በዓመቱ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን አምጥተው በየክፍሉ እንደ አስታማሚ እያሠሩ ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ በአሜሪካ በየሆስፒታሉ የሚመደበው የሠለጠነ ካህን የዚያ ዘር ነው። ቦይሰን ለሕሙማኑ የተለየ የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጅተዋል፤ የታወከን ሰው ሊያስፈሩ የሚችሉትን መዝሙሮች ትተው፣ ተስፋ ያለባቸውን መርጠው። ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያስተውለው ነገር ነው፤ ለጤነኛው የሚያበረታው ቃል ሌሊት ድምፅ ለሚያስጨንቀው ሰው ሌላ ትርጉም አለውና።

3. አክሮንና ቺካጎ

በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ ከመጠጥ ገና የተላቀቀ የኒው ዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄደ። ጉዳዩ ከሸፈ፤ ኪሱ ባዶ ሆነ፤ ካረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤቱ ቅርብ ነበር። ዊልሰን ስልክ አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደወለ፤ የጠየቀው ግን ጸሎት አልነበረም፤ የሚያናግረው ሌላ ሰካራም ፈለገ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ብዙ ጠጪዎችን ለማዳን ሞክሮ አንዱም አልተሳካለትም፤ እርሱ ራሱ ግን በዚያ ልፋት ሳይጠጣ ከርሟል። አገናኙትና ዶ/ር ቦብ ስሚዝ ከተባሉ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ መጠጥ ያቆሙበት ሰኔ 10 ቀን 1935 «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተመሠረተበት ዕለት ተደርጎ ይቆጠራል።

ማኅበሩ ያደገው ኦክስፎርድ ግሩፕ በሚባል ክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ ክንፍ ሥር ነበር፤ ኑዛዜ፣ ካሣ፣ ጸሎት፣ ለሌላው መመስከር ከዚያ የወረሳቸው ናቸው። በኋላ ሲለይ እግዚአብሔርን መሀል ላይ አስቀመጠ፤ ትርጓሜውን ግን ለየሰዉ ተወው። ይህ ብልሃት ነው ማኅበሩን ከአንድ ሃይማኖት ቅጥር ያወጣው። ሌላውን ብልሃት ፍራንክ ሪስማን የተባሉ ተመራማሪ በ1965 ስም ሰጡት፦ ረጂው ከተረጂው ያላነሰ ይጠቀማል። የእኛ እናቶች «አስታማሚ ራሱን ይረሳል» ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ ራስን መርሳትም መድኃኒት ይሆናል።

ይህ ለጠጪ ነበር። ለአእምሮ ታማሚ የተሠራው ቡድን በ1937 በቺካጎ ተመሠረተ። አብርሃም ሎው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የነርቭና የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። በሽተኞቻቸው ተሽሏቸው ይወጣሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ይመጣሉ። ሕመሙ ብቻ አልነበረም የሚመልሳቸው፤ የሰው ዓይንና የራሳቸው ፍርሃት ጭምር ነው። ሎው በኅዳር ወር ሠላሳ ሰባት ያህል የዳኑ ታማሚዎችን ይዘው «ሪከቨሪ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ትርጉሙ ማገገም ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ ከሆስፒታሉ ተላቀቀ። በ1950 ሎው ትምህርታቸውን በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1952 አመራሩን ለአባላቱ አስረከቡ፤ በ1954 ዐረፉ። ማኅበሩ ግን ዛሬም አለ።

የሪከቨሪ መልስ ለመንፈስ ጥያቄ አጭር ነው፦ ውጭ ይሁን። ጸሎት የለም፣ ሃይማኖት አይነሣም። መሀል ላይ የተቀመጠው ፈቃድ ነው፤ ስሜትህን ማዘዝ ባትችል እጅና እግርህን ማዘዝ ትችላለህ የሚል። በደረትህ የሚመታው ድንጋጤ ያሠቃይሃል እንጂ አይጥልህም፤ አንተም ከሌላው የተለየህ ጉድ አይደለህም፣ እንደማንም ተራ ሰው ነህ። ይህ «ተራነት» ለሎው የክብር ስም ነበር።

4. ከሲድኒ የተነሣው

በ1957 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ፣ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ጥቂት ሰዎች ሌላ የሚሄዱበት ቢያጡ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። መጠጥ ችግራቸው አልነበረም፤ የሚያዳምጣቸው ክፍል አጥተው ነው። ጠጪዎቹም አላባረሯቸውም። ከዚያ መሀል ኮን ኪዮ የተባሉ የካቶሊክ ካህን ነበሩ፤ እርሳቸውም ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ስብሰባ መሠረቱ። መጀመሪያ እነርሱም «ሪከቨሪ» ብለውት ነበር፤ ኋላ ከቺካጎው ለመለየት «ግሮው» አሉት፤ ማደግ ማለት ነው። በ1969 አየርላንድ ገባ፤ በ1978 ደግሞ ኢሊኖይ። ወደ ኢሊኖይ ያመጡት ሆባርት ማውረር የተባሉ ስመ ጥር የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ለዓመታት ከድባቴ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ግሮው ከሁለቱም ቀደምቶቹ ወስዷል። እንደ ጠጪዎቹ ማኅበር አሥራ ሁለት እርምጃ አለው፤ እንደ ቺካጎው ደግሞ ስሜትን በፈቃድና በምክንያት መግራትን ያስተምራል። ከሁሉ የሚማርከኝ ግን የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው እርምጃ አቅም እንዳነሰን ማመን ነው። ሁለተኛው ለመዳን ቆርጦ መነሣትና የሚያስፈልገንን እርዳታ መቀበል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱም እዚህ ይገባሉ። እግዚአብሔር የሚመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ወረድ ብሎ አካልን መንከባከብ የሚል ራሱን የቻለ እርምጃ አለ። ቅደም ተከተሉን ያወጡት ሰዎች አማኞች ነበሩ፣ ካህንም ነበረባቸው፤ ያም ሆኖ እርዳታን መቀበልን ከጸሎት አስቀደሙ። ሰው «በእምነቴ እድናለሁ» ብሎ ክኒኑን ሲጥል አይተዋልና።

ጠጪዎቹ ዘንድ ይህ ነገር ብዙ ሰው ጎድቷል። «ንጹሕ መሆን» ማለት ክኒንንም መተው ነው ብለው የሚመክሩ አባላት ስለበዙ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አታስጥሉ የሚል በራሪ ጽሑፍ ማሳተም ግድ ሆኖባቸዋል።

የግሮው መጽሐፍ የአንድ ደራሲ ሥራ አይደለም። በየስብሰባው አንድ ሰው «ይህ ረዳኝ» ያለው ነገር እየተመዘገበ፣ እየተሞከረ፣ የማይሠራው እየተጣለ የተጠራቀመ ነው። አባላቱ በሽፋኑ ቀለም «ሰማያዊው መጽሐፍ» ይሉታል።

5. ስብሰባው ሲታይ

የሪከቨሪን ስብሰባ ልውሰድ። መጀመሪያ ከሎው መጽሐፍ ጥቂት ገጽ በተራ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ማንበብ የከበደው ይለፈው፤ አይገደድም። ቀጥሎ አንድ አባል የሳምንቱን ገጠመኝ ያቀርባል። ገጠመኙ ትንሽ መሆን አለበት። የትዳር መፍረስ፣ የራስ ማጥፋት ሐሳብ፣ የልጅነት ቁስል እዚህ አይነሣም፤ ለእነዚያ ሐኪም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚነሣው፦ ባንክ ቤት ተሰልፌ ስፈርም እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ገንዘብ ከፋዩ አየኝ፤ ጥዬ ልወጣ ነበር።

አቅራቢው በአራት ደረጃ መሄድ ይጠበቅበታል። ምን ሆነ? በአካልህና በሐሳብህ ምን ተሰማህ? ከተማርከው ውስጥ ምን ተጠቀምክ? ከመማርህ በፊት ቢሆን ምን ታደርግ ነበር? አራተኛዋን ጥያቄ የጨመረ ሰው ብልህ ነው። ሰውየው «ዱሮ ቢሆን ብዕሩን ጥዬ እወጣና ለስድስት ወር ባንክ አልረግጥም ነበር» ሲል የተጓዘውን ርቀት በራሱ አንደበት ይለካል። እጁ ዛሬም ተንቀጥቅጧል፤ ፊርማው ግን ወረቀቱ ላይ አለ። ከዚያ ሌሎቹ ይናገራሉ፤ መምከር ሳይሆን ከተማሩት ውስጥ አቅራቢው ያላየውን መጠቆም ነው። ስለ መድኃኒት ዓይነትና መጠን መከራከር ክልክል ነው፤ ሐኪምን ማማትም እንዲሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ቡና ይቀርባል፤ እውነተኛው ወዳጅነት የሚጀመረውም ያኔ ይመስለኛል። በሳምንቱ መሀል የከፋው አባል ለነባሩ መደወል ይችላል፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። አምስት ደቂቃ መባሉ ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ተቀባዩም ታማሚ ነው፤ እርሱንም ማዳን ያስፈልጋል።

የግሮው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሰዉ ከጥቂት እስከ አሥራ አምስት ነው። አንድ አባል ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይመሰክራል፣ አሁን የገጠመው ችግር ያለበት ያቀርባል፣ ከመጽሐፉ ይነበባል። ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል። «ዘወትር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአልጋ ልውረድ» ዓይነት ነገር። በሳምንቱ ተመልሶ ይጠየቃል።

አወቃቀሩ ከታች ወደ ላይ ነው። በየቡድኑ አስተባባሪና ጸሐፊ አለ፤ ሁለቱም አባላት ናቸው። የአካባቢው አስተባባሪዎች በየጊዜው ይገናኛሉ፤ በላያቸው ቡድን የሚመሠርቱና የሚጎበኙ የመስክ ሠራተኞች አሉ፤ እነዚህ ደሞዝ ያገኛሉ፣ አብዛኞቹ ግን ከአባላት የወጡ ናቸው። በኢሊኖይ ግሮውን ለዓመታት ያጠኑት ጁልያን ራፓፖርትና ባልደረቦቻቸው ያስተዋሉት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ድርጅቱ ቡድኖችን እያበዛ ስለሚሄድ ሁልጊዜ የሥራ ቦታው ከሰዉ ይበልጣል። ወንበር የሚደረድር፣ መዝገብ የሚይዝ፣ አዲስ ሰው የሚቀበል ይፈለጋል። ትናንት ከሆስፒታል የወጣው ሰው የሚቀመጥበት ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበት ቦታ ያገኛል። የአባላቱ የሆስፒታል ቀንም ከመሰሎቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለነገሩ በቡድን የሚጸና ሰው መጀመሪያውኑ የተሻለ ጽናት ያለው ሊሆን ይችላል፣ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም።

ገንዘብ የየማኅበሩን ጠባይ ይለውጣል። የጠጪዎቹ ማኅበር ከውጭ ሳንቲም አይቀበልም፤ ባርኔጣ ይዞራል፣ ያለው ይጥላል። ግሮው አውስትራሊያ ውስጥ የመንግሥት ድጎማ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሪፖርት ይጽፋል፣ ቁጥር ያቀርባል። ሁለቱም ዋጋ አለው፤ የመጀመሪያው ሪፖርት አይጽፍም፣ ሁለተኛው እስከ ገጠር ከተማ ይደርሳል።

ድክመቱም ብዙ ነው። ክፉኛ የታመመ ሰው ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይችልም። አስተባባሪው አለቃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው አንድ ሁለቴ መጥቶ ይቀራል።

6. ደረጃው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ አጠገብ ካለው የሮክላንድ ሆስፒታል የወጡ ታማሚዎች መሰብሰቢያ ቤት ስላልነበራቸው በከተማው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ ይገናኙ ነበር፤ «ብቻችንን አይደለንም» የሚል ስም ለራሳቸው ሰጡ። ከእነርሱ በ1948 «ፋውንተን ሃውስ» ተወለደ፤ ታማሚው «አባል» ተብሎ የሚጠራበትና ከምሳ ማብሰል እስከ ስልክ መቀበል አብሮ የሚሠራበት ቤት። በ1985 በሚሺጋን የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ብቻ የሚሰበሰቡበት ቡድን ተጀመረ፤ ስድስት እርምጃ አለው፤ መጨረሻው ሕይወትን ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት ነው።

ከሁሉ የተለየው በኔዘርላንድ የተነሣው ነው። ፕሮፌሰር ማሪዩስ ሮሜ ድምፅ የምትሰማ አንዲት ታካሚ ነበረቻቸው። መድኃኒቱ ድምፁን አላጠፋላትም። አንድ ቀን እናንተ በማይታይና በማይሰማ አምላክ የምታምኑ ሰዎች፣ እኔ በእርግጥ የምሰማውን ድምፅ ለምን አታምኑኝም ብላ ጠየቀቻቸው። ሮሜ መልስ አጡ። በ1987 አብረው ቴሌቪዥን ቀርበው ድምፅ የሚሰማችሁ ደውሉልን አሉ፤ ከደወሉት ውስጥ 450 ያህሉ ድምፅ የሚሰሙ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም ሐኪም ሳያዩ ደህና የሚኖሩ ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በዩትሬክት ጉባኤ ተደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት በማንቸስተር የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቡድን ተቋቋመ። በእነዚህ ቡድኖች አንዱ ድምፁን የአንጎል ኬሚካል፣ ሌላው የሞተች እናቱ፣ ሦስተኛው ክፉ መንፈስ ሊለው ይችላል፤ ማንም አያርመውም። የሚጠየቀው፣ ድምፁ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? የሚል ብቻ ነው።

ከ1999 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ያገገመ ታማሚ ሌላውን ለመርዳት በመንግሥት የጤና መድን እንዲከፈለው ተፈቀደ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በታማሚዎች ለታማሚዎች የሚቋቋሙ ቡድኖችን እንዴት መምራት እንደሚቻል መመሪያ አውጥቷል። ደሞዝ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ወዳጅ የነበረው ሰው አሁን ፎርም ይሞላል።

7. ጸበል፣ ማኅበር፣ እድር

በእኛ አገር ጥያቄው መንፈሳዊ እርዳታ ይግባ አይግባ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የገባው እርሱ ነው። ብዙ ታማሚ ሐኪም ከማየቱ በፊት ጸበል ወይም ዱዓ ቦታ ደርሷል። ጸበል ቦታ ሰንብቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የራስ አገዝ ቡድንን ዘር እዚያ ያገኛል። የአንዷ ልጅ ሲያመልጥ የሌላዋ ባል ይይዘዋል፤ ሽሮ የቀነሰባት ትበደራለች፤ ቆይታ የለመደች አስታማሚ አዲስ ለመጣችው «አይዞሽ፣ የኔም እንዲህ ነበር» ትላለች። ሥርዓት አልወጣለትም እንጂ ሠላሳውን ቀን የሚሞላ ነገር ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው መንፈሳዊው ነገር ፍርድ ሲሆን ነው። «ኀጢአትህ ነው»፣ «እምነትህ ጎደለ»፣ «ክኒን የዋጠ አይጠመቅ»። በኤች አይ ቪ ዘመን ይህ ክርክር ነፍስ አስከፍሎናል፤ በ2007 የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ሰው እፎይ አለ። በአእምሮ ሕመምም በእንጦጦ ማርያም አጥማቂዎችና የአእምሮ ሐኪሞች ተግባብተው ጸበልተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱን የሚወስድበት አሠራር ተሞክሯል፤ ውጤቱም በ2021 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ደግሞ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎችን ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች በየቤታቸው እየጎበኙ፣ ቤተሰቦችን በቡድን እያገናኙ፣ የሃይማኖት አባቶችንና የአካባቢ ሽማግሌዎችን እያነጋገሩ የሠሩት ሥራ በ2022 ሲታተም፣ ታማሚዎቹ በዓመቱ ዕለታዊ ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ከሌሎቹ ተሽሎ እንደተገኘ ተመዝግቧል። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች በራሳቸው ስም ያቋቋሙት ማኅበርም አዲስ አበባ ውስጥ አለ።

የጎደለን አደረጃጀት አይደለም። የጽዋ ማኅበርን እዩት። ሙሴው አለ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል። ተረኛው በጨርቅ ሸፍኖ ሲወስደው ቀጣዩ ወር በእርሱ ላይ ነው፤ ቤቱን ያጸዳል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ሰዉ ይመጣበታል። ግሮው በብዙ ሙከራ የደረሰበት «ለሁሉም ሥራ ይኑረው» የሚለው ደንብ እኛ ዘንድ በጽዋ መልክ ሲዞር ኖሯል። ችግሩ አእምሮው የታመመው ማኅበርተኛ ተራው ሲደርስ «እርሱን አታስቸግሩት» ተብሎ መዘለሉ ነው። በደግነት ነው የሚዘለለው። ያም ሆኖ ጽዋው ወደ ቤቱ የማይመጣበት ሰው ማኅበርተኛ መሆኑ ቀርቷል።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ከጸበልም ከሆስፒታልም ደጋግሞ የተመለሰ አንድ ሰው ነበር። ሌሊት ስለማይተኛ ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ ይዞራል፤ ሕፃናት እንፈራው ነበር። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሲያረጁ ሊቀመንበሩ፣ ኮስታራ ሽማግሌ፣ ጡሩንባውን አንሥተው ለእርሱ ሰጡት። «መቼም አትተኛም» አሉት። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ መርዶ ለእንዲህ ያለ ሰው ይሰጣል ወይ ብለው። መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ሲብስበትም ለጥቂት ሳምንት እየጠፋ፣ ለዓመታት ነፋ። በጠፋባቸው ሳምንታት ሊቀመንበሩ ሌላ ሰው ያስነፉ ነበር፤ ሲነፋ አድሮ ግን ጡሩንባው ተመልሶ የሚሰቀለው እርሱ ቤት ነበር፣ በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ።